የደም ግፊት መድኃኒቶችና የንጥረ ምግቦች መመጠጥ

የደም ግፊት መድኃኒቶችና የንጥረ ምግቦች መመጠጥ የሚለው ርዕስ የከፍተኛ ደም ግፊት ኪኒኖች ሰውነት ከምግብ የሚያገኛቸውን ቫይታሚኖችና ማዕድናት እንዴት እንደሚነኩ፣ ምግብና የማዕድን ኪኒኖችም በተራቸው የመድኃኒቱን ሥራ እንዴት እንደሚለውጡ የሚመለከት ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚደረገው አንጀት ቢሆንም አብዛኛው ለውጥ የሚፈጠረው በኩላሊት ነው። በአንጀት ውስጥ በትክክል የሚከሰቱት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚያሳስበው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ሜቲልዶፓ ከብረት ኪኒን ጋር የሚያደርገው ግጭት ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት ከአዋቂዎች ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በሽታው የከተማና የሀብታም ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ከሚሴ፣ በባቲ፣ በደዋ ጨፋና በአካባቢው ወረዳዎች ኪኒኑ ከማሽላ እንጀራ፣ ከወተት፣ ከቡና፣ ከጫትና ከረመዳን ጾም ጋር አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ከውጭ የተቀዳ የአመጋገብ ምክር እዚያ እንዳለ አይሠራም። በዞኑ በሰፊው በሚነገረው ኦሮምኛ ሕመሙ «ዺባ ዺጋ» ይባላል።

== አንጀትና ኩላሊት ==

ብረት በዋናነት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በመጨረሻው ክፍል ነው። ሌሎቹ ንጥረ ምግቦች በአብዛኛው በመካከል ባለው ክፍል ወደ ደም ይገባሉ። አንድ መድኃኒት ይህን ሥራ ለማስተጓጎል ወይ የአንጀቱን ግድግዳ መጉዳት፣ ወይ ከንጥረ ምግቡ ጋር ተጣብቆ አብሮ መውጣት፣ ወይ የጨጓራ አሲድን መቀነስ አለበት። አብዛኞቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች ከእነዚህ አንዱንም አያደርጉም።

ኩላሊት ግን ሌላ ነው። በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራና ከጥቂቱ በቀር ሁሉንም መልሶ ያስገባል። ይህን የመመለስ ሥራ በትንሹ እንኳ የሚቀንስ መድኃኒት በአንጀት በሚገባ የተመጠጠውን ማዕድን በሽንት ሊያስወጣ ይችላል። ለታካሚው ውጤቱ አንድ ዓይነት ሊመስል ይችላል፤ መፍትሔው ግን ይለያያል። ችግሩ የአንጀት ከሆነ የመውሰጃ ሰዓት መቀየር ሊበቃ ይችላል፤ የኩላሊት ከሆነ ግን ኪኒኑ በየትኛውም ሰዓት ቢወሰድ ማዕድኑ መውጣቱ አይቀርም።

== የሽንት ማብዣ መድኃኒቶች ==

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ ሲታዘዙ ከቆዩት የግፊት ኪኒኖች አንዱ ነው። በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ደም እንዳይመለሱ ያደርጋል፤ ውኃም አብሮ ይወጣል። ከዚሁ ጋር ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ዚንክ ይወጣሉ። ካልሲየም ግን በተቃራኒው በሰውነት ይቀራል። በዚህ ምክንያት ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር የካልሲየም ኪኒን መጨመር የለበትም፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከመጠን ሊያልፍ ይችላል።

በብዙ ሰው ዘንድ በንግድ ስሙ «ላሲክስ» ተብሎ የሚታወቀው ፉሮሴማይድ ከዚህ የበረታ ነው። ከፖታሲየምና ከማግኒዚየም በተጨማሪ ካልሲየምንም ያስወጣል። ለልብ ድካም ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት ሰዎች ላይ የቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) እጥረት ታይቷል።

የፖታሲየም መቀነስ የጡንቻ መዛል፣ ቁርጥማት፣ የሆድ ድርቀትና የልብ ምት መዛባት ያመጣል። በደም ውስጥ ጤናማው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ነው። ማግኒዚየም አብሮ ከወረደ ፖታሲየም ብቻውን ቢሰጥ በቀላሉ አይስተካከልም። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት ቦታ፣ በላብ የሚጠፋው ውኃና ጨው ሲታከልበት፣ በእርሻ ላይ የሚውል የሽንት ኪኒን ወሳጅ ማዞርና መውደቅ ሊያጋጥመው ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘውም ያው ነው፤ እንዲህ ባሉ ቀናት መድኃኒቱን ለጊዜው ማቆም ያስፈልግ እንደሆነ የጤና ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም አላቸው። ይህ ምክር ግን ለሁሉም የግፊት ታካሚ አይሠራም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ተመልክቷል።

== ኤናላፕሪልና ተመሳሳዮቹ ==

ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል፣ እንዲሁም ሎሳርታን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ስፓይሮኖላክቶንም እንዲሁ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው እነዚህን እየወሰደ የፖታሲየም ኪኒን ቢጨምር፣ ወይም የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ፖታሲየም ክሎራይድ ቢጠቀም፣ ልብን እስከ ማቆም የሚደርስ የፖታሲየም ብዛት ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ «የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሙዝ ይብላ» የሚለው ምክር የኪኒኑ ስም ሳይታወቅ መሰጠት የለበትም። ለአንዱ መድኃኒት የሚበጀው ለሌላው አደገኛ ነው።

ካፕቶፕሪል ዚንክ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ የምግብ ጣዕም መጥፋት ወይም አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ያስከትላል። ምግብ ያስጠላው ሽማግሌ የሚበላው ሲቀንስ የሚደርስበት የንጥረ ምግብ ጉድለት ከራሱ ከዚንኩ መጥፋት ሊበልጥ ይችላል።

አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን «ካልሲየም ከልካይ» በሚባለው ምድብ ውስጥ መሆናቸው ያሳስታል። የሚከለክሉት በደም ሥር ግድግዳና በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ የሚገባውን ካልሲየም ነው እንጂ ከወተት የሚገኘውን ካልሲየም በአንጀት መመጠጥ አያግዱም። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ወተት የሚተውበት ምክንያት የለም።

== አንጀትን የሚጎዳው ኦልሜሳርታን ==

የደም ግፊት መድኃኒት በቀጥታ የአንጀትን የመምጠጥ አቅም ሲያጠፋ በግልጽ የታየው በኦልሜሳርታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት እየወሰዱ ለረጅም ጊዜ በተቅማጥ የተሠቃዩና ክብደታቸው የወረደ 22 ታካሚዎችን መዘገቡ። የትንሹ አንጀት ግድግዳ በጥቃቅን ጣት መሰል እጥፋቶች የተሸፈነ ሲሆን ንጥረ ምግብ የሚመጠጠው በእነሱ በኩል ነው። በእነዚህ ታካሚዎች እጥፋቶቹ ረግፈው ነበር። ምልክቱ ከስንዴ ጋር የተያያዘውን የሴሊያክ በሽታ ቢመስልም የበሽታው የደም ምርመራ አያሳየውም፤ ስንዴ መተውም አልረዳቸውም። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ዳኑ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2013፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመድኃኒቱ ማብራሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጨመር አደረገ።

ችግሩ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሙም ታካሚውም አያገናኙትም። ብዙም አይከሰትም። በኢትዮጵያ ለረጅም ተቅማጥ መጀመሪያ የሚፈለጉት ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ኤች አይ ቪና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ናቸው፤ ትክክልም ነው። ከውጭ አገር ዘመድ በላከለት ኪኒን የሚታከም ሰው ግን የመድኃኒቱን ካርቶን ይዞ ቢቀርብ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

== ሜቲልዶፓና የብረት ኪኒን ==

በእርግዝና ወቅት ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ሎሳርታን ፅንሱን ስለሚጎዱ አይሰጡም። በምትካቸው ሜቲልዶፓ ወይም ኒፌዲፒን ይታዘዛል። በሌላ በኩል እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በእርግዝና ክትትል ጊዜ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኬላ ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘ ኪኒን ታገኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው። ሁለቱም ኪኒኖች አስፈላጊ ናቸው፤ አንደኛው እናቲቱን ከከፍተኛ የደም ግፊት ጉዳት፣ ሌላኛው ከደም ማነስ ለመጠበቅ ይሰጣሉ። አንድ ላይ ሲዋጡ ግን ይጋጫሉ።

ሜቲልዶፓ በኬሚካላዊ አሠራሩ ከአሚኖ አሲድ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ክፍል አለው። ሁለቱ በአንጀት ውስጥ ሲገናኙ ተጣብቀው በቀላሉ የማይመጠጥ ውሁድ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት የብረት ኪኒን አብሮ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው ሜቲልዶፓ በእጅጉ እንደሚያንስ፣ በመድኃኒቱ ይታከሙ ከነበሩ ሰዎችም አብዛኞቹ ላይ ብረት ሲጨመር ግፊቱ ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ብረቱን ሲያቆሙ ግፊቱ ተመለሰ።

በተግባር የሚያስከትለው አሳሳች ነው። ግፊቷ ያልወረደላት እናት መድኃኒቱን በትክክል ብትውጥም እንዳልዋጠች ልትቆጠር ወይም መጠኑ ሊጨመርባት ይችላል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ፣ ብረቱ ከእናቶች ክፍል ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ሰው ላይኖር ይችላል። እናቲቱም እንዳትረሳ ብላ ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጧ የሚጠበቅ ነው።

መፍትሔው ብረቱን መተው አይደለም፤ ማራራቅ ነው። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይመከራል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። ሜቲልዶፓ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚወሰድ ክፍተቱን ማግኘት ጥቂት ስሌት ይጠይቃል። ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ሜቲልዶፓ የምትወስድ ሴት ብረቱን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ብትውጥ ከሁለቱም ወገን በቂ ርቀት ይኖራታል። በቤቱ ቡና የሚፈላው በዚያው ሰዓት ከሆነ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ቡና ራሱ የብረትን መመጠጥ ይቀንሳልና። አቦሉ እስከሚጠጣ መጠበቅና ብረቱን ከአንድ ሰዓት በላይ አሳልፎ፣ ቢቻል ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር መውሰድ ይሻላል፤ ቫይታሚን ሲ ብረት እንዲመጠጥ ይረዳል። የካልሲየም ኪኒን የታዘዘላት ካለችም ከብረቱ ጋር በአንድ ሰዓት መውሰድ የለባትም።

ኒፌዲፒን እንዲህ ዓይነት ግጭት የለውም። ለከባድ ፕሪኢክላምፕሲያ በሆስፒታል በመርፌ የሚሰጠው ሃይድራላዚን ለወራት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ6ን ይቀንሳል፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሰጥ ግን ይህ የሚያሳስብ አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሜቲልዶፓ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አልፎ አልፎ ሰውነት የራሱን ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲያፈርስ ያደርጋል። ስለሆነም መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ደሟ ቢያንስ ምክንያቱ ሁልጊዜ የብረት እጥረት ነው ማለት አይቻልም። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ በፍጥነት መመርመር አለባት።

== ምግብ በመድኃኒቱ ላይ ==

ካፕቶፕሪል ከምግብ ጋር ሲወሰድ የሚመጠጠው ከ30 እስከ 40 በመቶ ስለሚቀንስ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና አምሎዲፒን በምግብ አይነኩም። ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል በተቃራኒው ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን ይጨምራል፤ ስለዚህ አንዴ በባዶ ሆድ፣ አንዴ ከምሳ በኋላ ከማለት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መውሰድ ይመረጣል። አቴኖሎል በብርቱካን ጭማቂ ቢዋጥ የሚመጠጠው ይቀንሳል። ኪኒን በውኃ መዋጥ የተለመደ ስለሆነ ይህኛው ብዙ ሰው አይገጥመውም።

ግሬፕፍሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ መድኃኒት የሚያፈርስ ኢንዛይምን ያግዳል። ፌሎዲፒንና ኒፌዲፒን ከዚህ ፍሬ ጭማቂ ጋር ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያላቸው መጠን ከፍ ይላል፤ ግፊትም ከሚፈለገው በላይ ሊወርድ ይችላል። አምሎዲፒን ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው። ተራ ብርቱካንና ሙዝ ይህን አያደርጉም።

ከግፊት በተጨማሪ ስኳር ያለበት ሰው የሚወስደው ሜትፎርሚን በዓመታት ውስጥ የቫይታሚን ቢ12 መመጠጥን ይቀንሳል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም ለረጅም ጊዜ ሲሆን ቢ12ንና ማግኒዚየምን ያሳንሳል። ሦስቱን ኪኒኖች በአንድ ላስቲክ ይዞ የሚሄድ ታካሚ እግሩ ቢደነዝዝ የግፊት ኪኒኑን ይጠረጥር ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ከጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

== በከሚሴና በአካባቢው ==

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ትገኛለች። አካባቢው ቆላማ ሲሆን ማሽላ ዋና እህል ነው። ማሽላ ብረትና ዚንክ ቢኖረውም ፋይቴት የተባለው ውሁድ እነዚህን ማዕድናት ስለሚይዛቸው ከአንጀት የሚመጠጡት በከፊል ነው። ቀላ ያሉት የማሽላ ዓይነቶች ታኒንም አላቸው። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በዚህ ረገድ በደንብ የቦካ የማሽላ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ዚንክ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም የቫይታሚን ኪኒን በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ጫት መቃም በዞኑ የተለመደ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ ኪኒኑ የሚሠራውን በከፊል ያፈርሳል። የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋም የሚበላው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 በየመን ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት የአምፒሲሊን፣ በጥቂቱም የአሞክሲሲሊን መመጠጥን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚህ የተሕዋስያን መድኃኒቶች ናቸው እንጂ የግፊት አይደሉም፤ ጥናቱ የሚያሳየው ጫት በአንጀት ውስጥ ባለ መድኃኒት ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር እንደሚችል ነው። በበርጫ መካከል ኪኒን ከመዋጥ ከመቃም በፊት መውሰድ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሜቶፕሮሎልን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይምም በጫት እንደሚታገድ ታይቷል።

== ረመዳን ==

የዞኑ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ የመድኃኒት ሰዓት በየዓመቱ ለአንድ ወር ይቀየራል። በቀን አንዴ የሚወሰደው አምሎዲፒን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ቀላል ነው። የሽንት ኪኒን ግን በሱሑር ቢወሰድ ሙሉ ቀን ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ፈሳሹን በጠዋት ያጣል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኢፍጣር የሚያዛውሩት የጠፋው ውኃ በሌሊት እንዲተካ ነው። ፉሮሴማይድ በቀን ሁለቴ የሚወስድ የልብ ድካም ታካሚ ወሩ ከመግባቱ በፊት መታየት አለበት።

የሜቲልዶፓና የብረት ጉዳይ እዚህ ላይ ይብሳል። በእስልምና ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ጾሙን አፍርሰው በኋላ እንዲያካክሱ ይፈቀድላቸዋል። ብትጾም ግን በቀን የተከፋፈሉት ኪኒኖች፣ ብረቱና ቡናው ሁሉ በአንድ ሌሊት ውስጥ ይጨናነቃሉ። ሜቲልዶፓ በኢፍጣርና በሱሑር ከተወሰደ ብረቱ ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ፣ ከቡናው ርቆ ሊገባ ይችላል። የቀረው የቀን መጠን ግን ሊተው ስለማይችል ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይኖርበታል።

== ጨውና አዮዲን ==

በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥናት አማካይ የኢትዮጵያዊ የቀን ጨው ፍጆታ ወደ 8 ግራም እንደሆነ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው መቀነስ የግፊት መድኃኒት ይበልጥ እንዲሠራ ያደርጋል፤ በሽንት ኪኒን ምክንያት የሚጠፋውን ፖታሲየምም ያሳንሳል፣ ምክንያቱም ወደ ኩላሊት ቱቦ የሚደርሰው ሶዲየም ሲበዛ የሚወጣው ፖታሲየም ይጨምራል።

በሌላ በኩል አዮዲን ለኢትዮጵያውያን በአብዛኛው የሚደርሰው በጨው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወስኗል። ጨው የሚቀንስ ሰው አዮዲን የሌለውን ጥሬ ጨው ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ሁለቱንም ያጣል። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ማብሰል ስለሚጠፋ ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል፣ ወጡ ሊወርድ ሲልም ይጨመራል። በበርበሬና በሽሮ ዝግጅት ጊዜ አስቀድሞ የገባው ጨውም ከቀኑ ድርሻ ይቆጠራል።